የመጽናናት ልጅ፤ በርናባስና ሁለቱ የቆጵሮስ ጉዞዎቹ

ለቤተ ክርስቲያን ታላቅ ሥራ ሠርተው ሳለ ስማቸው ከሌላ ሰው ስም በስተኋላ የሚጠራ የእግዚአብሔር አገልጋዮች አሉ። ከእነዚህም አንዱ በርናባስ ነው። የጳውሎስን መልእክቶች ስናነብ እንጽናናለን፤ የማርቆስንም ወንጌል ስናነብ እንማራለን፤ ነገር ግን እነዚህን ሁለት ሰዎች፥ ሌሎች በተጠራጠሩአቸው ጊዜ፥ እጃቸውን ይዞ ወደ ወንድሞች ማኅበርና ወደ አገልግሎት ያስገባቸው አንድ ሰው እንደ ነበረ እምብዛም አናስብም። ያ ሰው በርናባስ ነበረ።

የዚህን ሰው ሕይወት በሚገባ ሊያውቅ የሚወድ አንባቢ አንዲት ደሴት ማወቅ ያስፈልገዋል፤ እርስዋም ቆጵሮስ ናት። በርናባስ ትውልዱ ከእርስዋ ነው፤ ለወንጌል ሥራ ሁለት ጊዜ በመርከብ ተሻግሮ ወደ እርስዋ ሄዶአል፤ እንደ ጥንት ትውፊትም በእርስዋ ተቀብሮአል። የመጀመሪያው ጉዞው በሐዋርያት ሥራ በዝርዝር ተጽፎአል። ሁለተኛው ጉዞው ግን በአንድ አጭር ቃል ብቻ ተነግሮአል። እኛ ግን ከሁለቱ ይልቅ የዚህን ሰው ልብ የሚገልጠው ሁለተኛው እንደ ሆነ ለማየት እንሞክር።

ቆጵሮስ በሜዲቴራንያን ባሕር ካሉት ደሴቶች መካከል ከሲሲሊያና ከሰርዲኒያ ቀጥላ በስፋት ሦስተኛዋ ናት። ስፋትዋ 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከምሥራቅ ጫፍዋ እስከ ምዕራብ ጫፍዋም ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመካከልዋ ወደ ምዕራብ የትሮዶስ ተራሮች ተዘርግተዋል፤ የእነርሱም ከፍተኛ ጫፍ 1,952 ሜትር ነው። ከእነዚህ ተራሮች ግርጌ በጥንት ዘመን ብዙ መዳብ ይወጣ ነበር። ስለዚህም ሮማውያን መዳብን በደሴቲቱ ስም ጠሩት፤ በብዙ የአውሮጳ ቋንቋዎችም የመዳብ ስም እስከ ዛሬ ከቆጵሮስ ስም የተወሰደ ነው። ሮማውያን ደሴቲቱን የያዙት ከጌታ ልደት አስቀድሞ በ58 ዓመት ነበረ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። አውግስጦስ ቄሣር ከቆጵሮስ የመዳብ ገቢ እኩሌታውን ለይሁዳው ንጉሥ ለሄሮድስ እንደ ሰጠ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ጽፎአል። እንግዲህ በደሴቲቱና በኢየሩሳሌም መካከል የንግድም የሰውም መንገድ ነበረ፤ በደሴቲቱም ብዙ አይሁድ ይኖሩ ነበር።

ከእነዚህ ከቆጵሮስ አይሁድ ወገን ዮሴፍ የተባለ አንድ ሌዋዊ በኢየሩሳሌም ሳለ በክርስቶስ አመነ። እርሻ ነበረው፤ ሸጠውና ዋጋውን አምጥቶ በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖረ። ሐዋርያትም በርናባስ ብለው ጠሩት፤ ይህም የመጽናናት ልጅ ማለት ነው። ሰው የሚጠራበትን ስም ወላጆቹ ያወጡለታል፤ የሚታወቅበትን ስም ግን ሥራው ያወጣለታል። የበርናባስም ሥራ ከስሙ ጋር የተስማማ ነበረ።

ይህም ፈጥኖ ታየ። አሳዳጁ ሳውል በደማስቆ መንገድ በጌታ ከተያዘ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ፥ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት፤ ማመኑንም አላመኑም። መፍራታቸው አይገርምም፤ እስጢፋኖስ በተወገረ ጊዜ የገዳዮቹን ልብስ የጠበቀ ሰው ነበረና። በርናባስ ግን ሳውልን ወስዶ ወደ ሐዋርያት አቀረበውና ስለ እርሱ መሰከረ። ሳውል ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ነቀፋው በበርናባስ ራስ ላይ በወደቀ ነበር። ለሌላው ሰው ዋስ መሆን ማለት ይህ ነው።

ከዚህም በኋላ ከቆጵሮስና ከቀሬና የመጡ ምእመናን በሶርያ አንጾኪያ ለግሪኮች ወንጌልን ሰበኩ፤ ብዙ ሰዎችም አመኑ። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ወሬውን ሰምታ በርናባስን ላከች። እርሱም ደርሶ የእግዚአብሔርን ጸጋ ባየ ጊዜ ደስ አለው። ሥራው ግን ለአንድ ሰው የሚበዛ ነበረ። በርናባስ ያን ጊዜ ሥራውን ለብቻው ይዞ ስሙን ማስጠራት ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ሳውልን ሊፈልግ እስከ ጠርሴስ ሄደ፤ ባገኘውም ጊዜ ወደ አንጾኪያ አመጣው። በከተማይቱም አንድ ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ። በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ራብ በሆነ ጊዜም ለይሁዳ ወንድሞች የተሰበሰበውን እርዳታ ሁለቱ አደረሱ። ሲመለሱም ማርቆስ የተባለውን ዮሐንስን ከኢየሩሳሌም ይዘው መጡ። ይህ ወጣት የበርናባስ የሥጋ ዘመድ ነበረ፤ በእናቱም በማርያም ቤት ምእመናን ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር።

በ46 ዓ.ም. ገደማ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በጾምና በጸሎት ሳለች መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለሥራ ለየ። እጃቸውንም ጭነው አሰናበቱአቸው። ሁለቱ መልእክተኞችም አስቀድመው የሄዱት ወደ በርናባስ አገር ወደ ቆጵሮስ ነበረ። ዮሐንስም አገልጋይ ሆኖ ተከተላቸው።

ጉዞው የሚጀምረው ከሴሌውቅያ ነበረ። ይህች ከተማ የኦሮንቴስ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ የተሠራች የአንጾኪያ ወደብ ነበረች። ዛሬ በቱርክ አገር ትገኛለች፤ ወደብዋም በደለል ስለ ተሞላ መርከብ አይቆምባትም። በዚያ ዘመን መንገደኛ ብቻ የሚጭን መርከብ አልነበረም። ወደ ደሴት መሻገር የሚወድ ሰው ወደ ወደብ ወርዶ የነጋዴ መርከብ ይፈልጋል፤ ከመርከቡ ጌታ ጋር በዋጋ ይስማማል፤ ስንቁንና መኝታውን ራሱ ይዞ ይሳፈራል፤ ነፋሱም እስኪመች ይጠብቃል። ሌሊቱንም በመርከቡ ወለል ላይ ሰማይን ጣራ አድርጎ ያድራል።

የባሕሩም ጊዜ የተወሰነ ነበረ። ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ያለ ስጋት ይኬድበት ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ግን ከጭንቅ ጉዳይ በቀር ባሕሩ እንደ ተዘጋ ይቈጠር ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ፥ ከሶርያ ወደ ቆጵሮስ የሚሄድ መርከብ ከቆጵሮስ ወደ ሶርያ ከሚመጣው ይልቅ ይዘገያል። ጳውሎስ ከብዙ ዓመት በኋላ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ በቆጵሮስ ተተግኖ ያለፈው ነፋሱ ፊት ለፊት ስለ ነበረ ነው።

መልእክተኞቹ በደሴቲቱ ምሥራቅ ባለችው በስልማና ወረዱ። ስልማና ሰፊ ወደብ ያላት፥ በደሴቲቱም ካሉት ከተሞች ታላቂቱ ነበረች። የምኵራቦችዋም ቍጥር ከአንድ የበለጠ ነበረ፤ በርናባስና ሳውልም በእነዚህ ምኵራቦች የእግዚአብሔርን ቃል ሰበኩ። ከዚያም ደሴቲቱን በሙሉ አቋርጠው በምዕራብ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ጳፉ ደረሱ።

ይህ መንገድ አጭር አይደለም። ከስልማና ተነሥቶ በደቡብ በኩል ባሕሩን ተከትሎ የሚሄድ እግረኛ መጀመሪያ ወደ ኪቲዮን ይደርሳል፤ ይህችም ዛሬ ላርናካ የምትባለው ከተማ ናት፤ የስቶይኮችን ትምህርት የጀመረው ፈላስፋ ዜኖ የተወለደባት ናት። ቀጥሎ አማቱስንና ኩርዮንን ያልፋል። ጳፉ ለመድረስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረውም አሮጌው ጳፉ ይገኛል፤ በዚያም አፍሮዲት ለተባለችው የግሪኮች ጣዖት የተሠራ፥ በዓለም የታወቀ ቤተ መቅደስ ነበረ፤ ከሩቅ አገር እንኳ ሰዎች በመርከብ ይመጡበት ነበር። መንገዱ በጠቅላላው ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ለጠንካራ እግረኛ የሳምንት ያህል መንገድ ነው። በርናባስ ይህን አገር ያውቃል፤ ቋንቋውንም የሰዉንም ጠባይ ያውቃል። በዚህ ደሴት መሪው እርሱ ነበረ።

በጳፉ የሮማ አገረ ገዥ ሰርግዮስ ጳውሎስ ተቀምጦ ነበር። አስተዋይ ሰው ነበረና መልእክተኞቹን አስጠርቶ ቃሉን ሊሰማ ፈለገ። ከእርሱ ጋር የነበረው በርያሱስ፥ በሌላ ስሙም ኤልማስ የሚባለው ጠንቋይ ግን አገረ ገዡ እንዳያምን ተቃወመ። ሳውልም በመንፈስ ቅዱስ ተሞልቶ ገሠጸው፤ ጠንቋዩም ለጊዜው ታወረና መሪ ፈላጊ ሆነ። አገረ ገዡ ይህን አይቶ አመነ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ሉቃስ የስሞቹን ተራ እንዴት እንደ ለወጠ አስተውል። እስከ ጳፉ ድረስ በርናባስና ሳውል ይባሉ ነበር። ከጳፉ በተነሡ ጊዜ ግን ሳውል ጳውሎስ ተብሎ በፊት ተጠራ፤ የቀሩትም ከእርሱ ጋር ያሉት ተባሉ። በርናባስ በገዛ አገሩ ሁለተኛ ሆነ። ያመጣው ሰው በለጠው፤ ዋስ የሆነለት ሰው ከፊቱ ቆመ። በዚህ ምክንያት ቅር እንደ ተሰኘ የሚያሳይ አንድ ቃል እንኳ በመጽሐፍ አናገኝም። ሁለተኛ መሆንን ሳያጉረመርሙ መቀበል ከተአምራት የሚያንስ ስጦታ አይደለም።

ከጳፉ በመርከብ ወደ ጵንፍልያ ወደ ጴርጌን ተሻገሩ። በዚያ ዮሐንስ ማርቆስ ከእነርሱ ተለይቶ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ፊታቸው ያለው መንገድ ወንበዴ የሚያስፈራበት ተራራማ አገር ነበረ፤ ሁለቱ ግን ያለ እርሱ ወጡት። በጲስድያ አንጾኪያ ተሰደዱ፤ በኢቆንዮን ሊወገሩ ነበር፤ በልስጥራን ሕዝቡ መጀመሪያ በርናባስን ድያ፥ ጳውሎስን ሄርሜን ብለው ሊሠዉላቸው ፈለጉ፤ ጥቂት ቆይተውም ጳውሎስን ወግረው እንደ ሞተ ሰው ከከተማ ውጭ ጣሉት። ከደርቤንም ተመልሰው ምእመናንን እያጸኑ ወደ አንጾኪያ ገቡ።

በ49 ዓ.ም. ገደማ በርናባስና ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ጉባኤ ፊት አሕዛብ ያለ መገረዝ ሸክም በእምነት እንዲቀበሉአቸው አብረው ቆሙ። በርናባስ ግን ነቀፋ የሌለበት ሰው አልነበረም። በአንጾኪያ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር መብላትን በተወ ጊዜ በርናባስም በግብዝነቱ ተስቦ አብሮ ራቀ፤ ጳውሎስም ይህን በግልጥ ጻፈ። መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔርን አገልጋዮች ድካም አይሸሽግም፤ ክብሩ የእርሱ እንጂ የእነርሱ እንዳልሆነ እናውቅ ዘንድ ነው።

ከዚህ በኋላ ጳውሎስ ወንጌልን የሰበኩባቸውን ከተሞች ተመልሰው እንዲጐበኙ አሳሰበ። በርናባስ ማርቆስን ሊወስድ ወደደ። ጳውሎስ ግን በመንገድ መካከል ትቶአቸው የተመለሰውን ሰው መውሰድ መልካም አይደለም ብሎ እንቢ አለ። ጳውሎስ ያለ ምክንያት አልተናገረም፤ ሥራው ከባድ ነበረ፤ ያልጸና ረዳትም ለሌላው ሸክም ይሆናል። በርናባስም ያለ ምክንያት አልጸናም። ክርክሩ እጅግ በረታና እነዚህ ሁለት የቆዩ ጓደኞች ተለያዩ። ጳውሎስ ሲላስን ይዞ በሶርያና በኪልቅያ በኩል በየብስ ሄደ፤ በርናባስም ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ሄደ።

የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ከዚያች ቀን ጀምሮ የጳውሎስን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። የበርናባስ መርከብ ከወደቡ ሲርቅ እኛም ከዓይናችን እናጣዋለን። በሁለተኛው ጉዞ የታወረ ጠንቋይ፥ ያመነ አገረ ገዥ፥ የተናወጠ ከተማ አልተጻፈልንም። የተጻፈልን አንድ ሽማግሌና አንድ አንገቱን የደፋ ወጣት በአንድ መርከብ መሳፈራቸው ብቻ ነው።

ነገር ግን የሄዱበትን ስፍራ ልብ እንበል። ማርቆስ የተመለሰው ከጴርጌን ነበረ። በቆጵሮስ ሳለ ግን አልተመለሰም፤ ከስልማና እስከ ጳፉ ያለውን መንገድ ሁሉ በእግሩ ሄዶ በታማኝነት አገልግሎአል። ስለዚህ በርናባስ ይህን ወጣት ወደ ወደቀበት ስፍራ ሳይሆን ጸንቶ ወደ ነበረበት ስፍራ መለሰው። መንገዱን የሚያውቀው ነው፤ በወደቡም በመንገዱም ዳር ያሉት ምእመናን ያውቁታል። እግሩ የተሰበረ ሰው ዳገት በመውጣት መራመድን አይጀምርም፤ አስቀድሞ በሜዳ ይሄዳል። መልካም እረኛም የደከመውን በግ በሚያውቀው ሜዳ ያሰማራዋል።

የዚያ ጉዞ ፍሬ ግን ከጊዜ በኋላ ታየ። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ማርቆስን ከሚያጽናኑት የሥራ ባልንጀሮቹ ጋር ቈጠረው፤ ወደ እነርሱም ቢመጣ እንዲቀበሉት አዘዘ። በመጨረሻም ዕድሜው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፥ ማርቆስ ለአገልግሎት ስለሚጠቅመው ይዞት እንዲመጣ ለመነው። አንድ ጊዜ አልወስደውም ያለውን ሰው አሁን አምጡልኝ አለ። በርናባስ ለጳውሎስ ዋስ እንደ ሆነ እንዲሁ ለማርቆስ ዋስ ሆነ፤ በሁለቱም አላፈረም።

ይህ ነገር የእኛንም አገር ይነካል። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ የጥንቱን ትውፊት ተቀብሎ እንደ ነገረን፥ በግብፅ ወንጌልን የሰበከና የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን ያቆመ ማርቆስ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ ወደ አክሱም መጣ፤ ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ እስከ ሆኑ ድረስም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳትዋን ከማርቆስ መንበር ትቀበል ነበር። ከመንገድ የተመለሰውን ወጣት በዚያን ቀን የሚወስደው ባይገኝ ኖሮ፥ ከእስክንድርያ ወደ አክሱም የደረሰው ይህ ረጅም መንገድ መጀመሪያው በምን ይሆን ነበር?

የቆጵሮስ ትውፊት በርናባስ በስልማና በሰማዕትነት እንደ ሞተና ማርቆስ እንደ ቀበረው ይናገራል። በንጉሠ ነገሥቱ በዜኖን ዘመን፥ ማለት ከ474 እስከ 491 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የአንጾኪያ መንበር ቆጵሮስን ከሥልጣኑ በታች ለማድረግ ፈለገ። ያን ጊዜ የደሴቲቱ ሊቀ ጳጳስ አንቴምዮስ የበርናባስን መቃብር እንዳገኘ፥ በደረቱም ላይ የማቴዎስ ወንጌል እንደ ነበረ ተነገረ፤ ንጉሡም የቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን ራስዋን እንድትችል አጸና። ትውፊትን ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር በአንድ ሚዛን አናስቀምጠውም። ሆኖም የደሴቲቱ ሰዎች ያን ተጓዥ ምን ያህል እንደ ወደዱት ያሳየናል። በመቃብሩ አጠገብ የተሠራው ገዳም ዛሬም አለ፤ አሁን ግን ሙዚየም ሆኖአል።

ዛሬ ወደ ቆጵሮስ መድረስ ቀላል ነው። መንገደኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአውሮፕላን ወደ ላርናካ ወይም ወደ ጳፉ ነው፤ በርናባስ በሳምንት የሚሄደውን መንገድም በመኪና በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። ነገር ግን በጥንት ዘመን ያልነበረ መሰናክል አሁን አለ። ከ1974 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ ደሴቲቱ ለሁለት ተከፍላለች። የስልማና ፍርስራሽና የበርናባስ መቃብር በሰሜን ክፍል በቱርኮች በኩል፥ ጳፉ ደግሞ በደቡብ በግሪኮች በኩል ናቸው። በመካከላቸው ያለው መስመር ከዳር እስከ ዳር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወታደሮችም ይጠብቁታል። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ከጥቂቶች በቀር ማንም አያልፈውም ነበር፤ በዚያ ዓመት በሮች ተከፈቱ፤ ዛሬ የበርናባስን መንገድ ከስልማና እስከ ጳፉ የሚከተል ሰው በኬላ ቆሞ ወረቀቱን አሳይቶ ያልፋል። ሁለት የተጣሉ ወገኖችን የማስታረቅ ስጦታ የነበረው ሰው በተከፈለ አገር መቀበሩ ለሚያስብ ልብ ብዙ ይናገራል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በየማኅበራችን ከጴርጌን የተመለሱ አሉ። አንዱ በወጣትነቱ በመዘምራን መካከል ቆሞ ይዘምር ነበር፤ አሁን ከበሩ ውጭ ቆሞ ይሰማል። አንዲቱ ሕፃናትን ታስተምር ነበር፤ አንድ ጊዜ ስለ ደከመች ስምዋን የሚጠራው ጠፋ። ስለ እነርሱ የሚናገር ጳውሎስ አይታጣም፤ ሥራው ጽናት እንደሚፈልግ መናገሩም እውነት ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በርናባስም ያስፈልጋታል፤ ይኸውም ወደ ቤታቸው ሄዶ የሚጠራቸው፥ ጸንተው ወደ ነበሩበት ስፍራ የሚመልሳቸው፥ ስሙም ባይጻፍ የማያዝን ሰው ነው። ጌታችን የተመለሱትን ደቀ መዛሙርቱን በገሊላ እንደ ገና ሰብስቦአቸዋልና፥ እርሱ ራሱ ይህን ልብ ይስጠን። አሜን።